ዘር ወይስ ትምህርት ቤት?
በሀርጌሳ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች የቀረበ ዲስኩር



እናቶችና አባቶች፣ እኅቶችና ወንድሞች፤ ከአየር ማረፊያው ብዙም በማይርቀው በዚህ አዳራሽ እንድናገር ስለጋበዛችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። በግብዣችሁ ላይ የሰፈረው ጥያቄ አጭር ነው፦ «ጎበዝ ተማሪ ይወለዳል ወይስ ይሠራል?» ይህን የጻፈ ሰው ቤት ውስጥ የሚያስጨንቀው ልጅ እንዳለው ገባኝ። ስለዚህ የምናገረው ለወላጅ ነው።

መልሴን እስከ መጨረሻው አላቆየውም። ልጆች በተፈጥሯቸው አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ሁለት ልጅ ያሳደገ ሁሉ ያውቀዋል። ነገር ግን የአንድ ልጅ ተፈጥሮ ልኩ የት ድረስ እንደሆነ የሚታወቀው ለማደግና ለመማር የሚያስፈልገው ነገር ከተሰጠው በኋላ ነው። እኛ ሳንሰጠው እንፈርዳለን። «ይኼ ልጅ ጭንቅላት የለውም»፣ «ትምህርት አልሆነለትም፣ ሥራ ይልመድ» እንላለን። ዛሬ የምለው ሁሉ ይህንኑ ሐሳብ ለማስረዳት ነው። በመጀመሪያ ሳይንሱ ስለ ዘር የሚለውን አነሣለሁ። ቀጥዬ ከዚሁ ከሀርጌሳና ከአገራችን የምናውቀውን ማስረጃ አቀርባለሁ። በመጨረሻም እናንተ እዚህ ማድረግ የምትችሉትን እጠይቃችኋለሁ።

ክርክሩ ለእኛ አዲስ አይደለም። አባቶቻችን «ዘር ከልጓም ይስባል» ብለዋል። እነዚያው አባቶች ደግሞ በልጅነቱ እንቁላል ሲሰርቅ ያልተቀጣ ሌባ ሊሰቀል ሲል እናቱን «በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» ማለቱን እየተረኩ አሳድገውናል። አንዱ ተረት ለዘር ሲመሰክር ሌላው ለአስተዳደግ ይመሰክራል፤ ሁለቱም በአንድ ቤት ሲነገሩ ኖረዋል።

በአውሮፓ ጉዳዩን በመጽሐፍ ያቆመው እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን ነው። እ.ኤ.አ. በ1869 የዳኞችን፣ የጦር መሪዎችንና የሳይንስ ሰዎችን ቤተሰብ ቆጥሮ ታላላቅ ሰዎች ከጥቂት ቤቶች እንደሚወጡ አሳየ፤ ከዚያም ችሎታ በዘር ይወረሳል ብሎ ደመደመ። ታላቅ ቤት ለልጁ ከደም ሌላ መምህር፣ መጽሐፍ፣ ገንዘብና ወዳጅ ጭምር እንደሚያወርስ ግን ተገቢውን ቦታ አልሰጠውም። ከ36 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1905፣ ፈረንሳዊው አልፍሬድ ቢኔ ከቴዎዶር ሲሞን ጋር ዛሬ ለምናውቀው የአእምሮ ፈተና መሠረት የሆነውን ሥራ አወጣ። የቢኔ ዓላማ በትምህርት ወደ ኋላ የቀሩትን ሕፃናት ለይቶ ተጨማሪ እገዛ እንዲያገኙ ማድረግ ነበር። ችሎታ የማይጨምር የማይቀንስ መጠን ነው የሚሉትንም አጥብቆ ተቃውሟል። ፈተናው ወደ አሜሪካ ሲሻገር ግን ሰውን በደረጃ መደርደሪያ ሆነ። በመርከብ የመጡ ድሃ ስደተኞች ከወደቡ ሳይወጡ፣ በማያውቁት አገር፣ በአስተርጓሚ እየተጠየቁ «አእምሮው ደካማ» ተባሉ። ከአገራችን ወጥተን የምንኖር ሰዎች ይህን ታሪክ ልናውቀው ይገባል።

አሁን ወደ ዘሩ እንምጣ። የዘር ድርሻ እውነት ነው። ከአንድ እንቁላል የተገኙ መንትዮች፣ ተለያይተው ቢያድጉም እንኳ፣ በፈተና ውጤታቸው እንደሚቀራረቡ በተደጋጋሚ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት 1.1 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን መርምሮ፣ ሰው በትምህርት ምን ያህል ዓመት ከመቆየቱ ጋር የተያያዙ 1,271 የዘረ መል ልዩነቶችን አግኝቷል። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ የእያንዳንዱ ልዩነት ድርሻ ኢምንት ነው፤ «የጉብዝና ዘር» የሚባል አንድ ነገር የለም። ሁለተኛ፣ የተመረመሩት ሰዎች የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ናቸው፤ ከእነሱ የተገኘውን ስሌት አምጥቶ የእኛን ልጆች መመዘን አይቻልም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ ቀጥሎ ባለው ነጥብ ነው። የዘር ሊቁ ሪቻርድ ሌዎንቲን እ.ኤ.አ. በ1970 በእርሻ ምሳሌ አስረድቶታል፤ እኔ በጤፍ ልንገራችሁ። ከአንድ ጎተራ ሁለት እፍኝ ዘር ዘግናችሁ፣ አንዱን እፍኝ በለማ ጥቁር አፈር፣ ሌላውን በተራቆተ መሬት ዝሩት። በለማው መሬት ላይ አንዱ ጤፍ ከሌላው ቢበልጥ፣ አፈሩ ለሁሉም እኩል ነውና ልዩነቱ የዘር ነው። በተራቆተውም እንደዚያው። በሁለቱ ማሳዎች መካከል ያለው ትልቅ ልዩነት ግን የመሬቱ ነው፤ ዘሩ የአንድ ጎተራ ነበርና። እንግዲህ በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ መምህር ሥር፣ ጠግበው በሚማሩ ልጆች መካከል የዘር ልዩነት አለ ማለት አንድ ነገር ነው። የገጠሩን ከከተማው፣ የድሃውን ከሀብታሙ፣ አንዱን ሕዝብ ከሌላው አስተያይቶ «በዘር ነው» ማለት ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው። ከመጀመሪያው ተነሥቶ ሁለተኛውን መደምደም አይቻልም።

አሜሪካዊው ኤሪክ ተርክሃይመርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 ይህን በሰው ላይ ፈተሹት። የሰባት ዓመት መንትዮችን የፈተና ውጤት ከቤተሰባቸው ኑሮ ጋር አስተያዩ። በተደላደሉ ቤቶች ለልጆቹ ልዩነት ትልቁ ምክንያት ዘር ሆኖ ተገኘ። በድሃ ቤቶች ግን የዘር ድርሻ ወደ ዜሮ ተጠግቶ፣ ልዩነቱን የወሰነው የቤቱ ሁኔታ ሆነ። በአውሮፓ ሲሞከር ውጤቱ ያን ያህል ጎልቶ አልታየም፤ ድሃ ማለት በየአገሩ የተለያየ ኑሮ ስለሆነ ይህ አያስደንቀኝም። ለእኛ የሚጠቅመው ፍሬ ነገር ግን ግልጽ ነው፦ ችግር በበዛበት ቤት ልጁ በተፈጥሮው ያለውን ማየት አንችልም፤ የምናየው ችግሩን ነው።

ወደዚህች ከተማ ልመለስ። ይህ አየር ማረፊያ የሠራውን ሁላችሁም ከጎረቤቶቻችሁ ሰምታችኋል። እ.ኤ.አ. በ1988 የሶማሊያው ገዢ የዚያድ ባሬ የጦር አውሮፕላኖች ከዚሁ መንደርደሪያ እየተነሡ፣ ዞረው እዚችው ከተማ ላይ ቦምብ ይጥሉ ነበር። በከተማው መሐል የቆመችው ሚግ አውሮፕላን የዚያ መታሰቢያ ናት። ሀርጌሳ ፈረሰች፤ ሕዝቧም በእግሩ ወደ እኛ አገር ተሰደደ። ሀርተሼክ ላይ የተተከለው የስደተኞች ሰፈር በዘመኑ ከዓለም ታላላቆቹ አንዱ ነበር። አሁን አስቡት። እ.ኤ.አ. በ1990 ሀርተሼክ ድንኳን ውስጥ ለተቀመጠ የስምንት ዓመት ልጅ አንድ ሰው የአእምሮ ፈተና ቢሰጠው ምን ያመጣ ነበር? ትምህርት ቤት የለውም፤ ውኃ የሚመጣለት በቦቴ ነው፤ ቤቱ ሲቃጠል አይቷል። ዝቅተኛ ውጤት ባመጣ ነበር። ያን ወረቀት ያየ ሰውም «የዚህ ሕዝብ አእምሮ ይኸው ነው» ባለ ነበር።

ከቶጎ ውጫሌ በመኪና የመጣችሁ፣ ገቢሌን አልፋችሁ ሀርጌሳ ልትገቡ ጥቂት ሲቀራችሁ አባርሶን አልፋችኋል። እ.ኤ.አ. በ2009 ጆናታን ስታር የሚባል፣ በኢንቨስትመንት ሥራ የኖረ አሜሪካዊ እዚያ አዳሪ ትምህርት ቤት ከፈተ። የሶማሌላንድ ልጆችን በፈተና ተቀብሎ በእንግሊዝኛ፣ ጧትና ማታ በጥብቅ ሥርዓት ማስተማር ጀመረ። ጥቂት ዓመታት ሳያልፉ ተማሪዎቹ በነጻ ትምህርት ዕድል ወደ አሜሪካ መሄድ ጀመሩ። ሙባሪክ ሞሐሙድ አንዱ ነው። ፍየል እየጠበቀ ያደገ የአርብቶ አደር ልጅ ነው፤ ኤም.አይ.ቲ. ገብቶ ምህንድስና ተማረ። አብዲሰመድ አደን ደግሞ ማንበብና መጻፍ በማትችል አያት እጅ አድጎ ሀርቫርድ ገባ።

እዚህ ላይ ከመካከላችሁ አንዱ «ትምህርት ቤቱ እኮ መርጦ ነው የወሰደው፤ ድሮም ጎበዞች ነበሩ» እንደሚለኝ አውቃለሁ። ልክ ነው፤ መርጧል። እኔም ልጅ ሁሉ ኤም.አይ.ቲ. ይገባል አላልኩም። ነገር ግን የክርክሩን ሌላ ጫፍ እዩት። እንደ ሙባሪክ ያሉ ልጆች እ.ኤ.አ. ከ2009 በፊትም በዚህ ምድር ይወለዱ ነበር። ያ ሁሉ ተሰጥኦ የት ሄደ? ፍየል ጠበቀ፣ ጫት ሸጠ፣ ጠብመንጃ ተሸከመ፣ በረሃ አቋርጦ ባሕር ላይ ቀረ። ዘሩ ነበረ፤ የጎደለው ትምህርት ቤት ነው። ያኔ ቦምብ ጫኝ ከተነሣበት መንደርደሪያ ዛሬ ተማሪ ሻንጣውን ይዞ ይነሣል። በዚህ መካከል ያለፈው አንድ ትውልድ ነው፤ በአንድ ትውልድ ደግሞ የሕዝብ ዘር አይለወጥም።

ሁለተኛው ማስረጃዬ ከቦሌ የተነሣ ነው። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ ደርግ ሊወድቅ ቀናት ሲቀሩት፣ በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን በ36 ሰዓት ውስጥ ወደ እስራኤል ተጓጓዙ። አብዛኞቹ ከጎንደር ገጠር የመጡ ናቸው። እስራኤል ሲደርሱ በጥድፊያ በየመቀበያ ማእከሉ ተደለደሉ፤ የትኛው ቤተሰብ የት ይሂድ የሚለው በወላጆች ትምህርት ወይም ሀብት አልተወሰነም። ስለዚህ ከአንድ አካባቢ፣ ከአንድ ዓይነት ኑሮ የመጡ ልጆች፣ እንደ ዕጣ አወጣጥ፣ አንዱ ጥሩ ትምህርት ቤት አጠገብ፣ ሌላው ደካማ ትምህርት ቤት አጠገብ አረፉ።

ኤሪክ ጉልድ፣ ቪክቶር ላቪና ዳንኤል ፓሰርማን የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች እነዚህን ልጆች እስከ ሁለተኛ ደረጃ ተከታትለው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2004 አሳተሙ። በመጀመሪያ ደረጃ የተሻለ ትምህርት ቤት የደረሳቸው ልጆች ትምህርት የማቋረጥ ዕድላቸው ቀነሰ፤ የማጠናቀቂያውን ብሔራዊ ፈተና የማለፍ ዕድላቸውም ጨመረ። የጎንደር ልጅ ከጎንደር ልጅ ጋር ነው የተወዳደረው፤ ልዩነቱን ያመጣው በዕጣ የደረሰው ትምህርት ቤት ነው። በዘርና በትምህርት ክርክር ውስጥ ከዚህ የጠራ ማስረጃ በዓለም ላይ ብዙ የለም፤ የተገኘውም በእኛው ወገኖች ሕይወት ነው።

በዚያው አገር ዴቪድ ጹሪኤልና ካውፍማን እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተሙት ጥናት ደግሞ ለመምህራን ትልቅ ትምህርት አለው። አንደኛ ክፍል ላሉ ከኢትዮጵያ የመጡ ሕፃናት በሥዕል የሚሠራ የአእምሮ ፈተና ሰጧቸው፤ እዚያ ከተወለዱት ልጆች ያነሰ ውጤት አመጡ። ከዚያ ፈተናውን ሳይሆን አሠራሩን አስተማሯቸው፦ ሥዕሉን እንዴት እንደሚያዩ፣ እንዴት እንደሚያነጻጽሩ፣ መልስ ከመስጠታቸው በፊት እንዴት እንደሚያስቡ። እንደገና ሲፈተኑ ልዩነቱ በእጅጉ ጠበበ። የመጀመሪያው ፈተና የለካው እስከዚያ ቀን ድረስ ለልጆቹ ማን ምን እንዳሳያቸው ነበር።

አሁን የራሳችንን ፈተና እንመልከት። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ኩረጃን ለመከላከል ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ተሰጠ። ከ896,520 ተፈታኞች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909፣ ማለትም 3.3 ከመቶ ብቻ ሆኑ። ከ1,100 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ከመቶ አለፉ። በእነዚያ ዓመታት በየሻይ ቤቱ «ትውልዱ ደነዘዘ» ሲባል ሰምቻለሁ፤ በጣም አዝኛለሁ። አንድ ትምህርት ቤት በሙሉ ዜሮ ሲያመጣ፣ በዚያ ወረዳ አንድም አእምሮ ያለው ልጅ አልተወለደም ልንል ነው? የዓለም ባንክ እንደሚለው በኢትዮጵያ ከ10 ዓመት ልጆች 90 ከመቶ ያህሉ ቀላል ጽሑፍ አንብበው መረዳት አይችሉም። አንብቦ ሳይረዳ ስምንት ዓመት የተገፋ ልጅ 12ኛ ክፍል ላይ ቢወድቅ፣ የወደቀው አራተኛ ክፍል ላይ ነው።

አንድ ነገር ላሳያችሁ። ስመጣ አየር ማረፊያው በር ላይ፣ መኪናዎች ከሚቆሙበት ወጣ ብሎ፣ ውኃና ሶፍት የሚሸጥ ልጅ አየሁ። ዕድሜው 12 ቢሆን ነው፤ አማርኛ ሲናገር ሰምቼ ቀረብኩ። አንድ ተሳፋሪ ሁለት ውኃና አንድ ሶፍት ወስዶ ዶላር ሰጠው፤ መልሱን ከፊሉን በሺልንግ፣ ከፊሉን በብር ፈለገ። ልጁ ካርቶኑን በጉልበቱ ደግፎ፣ በጣቱ ሳይቆጥር፣ የዕለቱን የሺልንግ ምንዛሪ በአፉ ጠራ፤ ሺልንጉን ቆጥሮ ሰጠ። የብሩን ምንዛሪ ከጎኑ ያለውን ዘርዛሪ በሶማልኛ ጠየቀ፤ ቀሪውን አስልቶ ከፈለ። ሦስት ገንዘብ፣ ሁለት ቋንቋ፣ ወረቀት የለ፣ ካልኩሌተር የለ። ትምህርት ቤት ትሄዳለህ ወይ አልኩት። «ትቻለሁ፤ ሒሳብ አይገባኝም» አለኝ።

እንዲህ ዓይነት ልጆች ብራዚል ውስጥም ተገኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ1985 ተመራማሪዎች በሬሲፌ ከተማ ገበያ የሚሸጡ ልጆችን እንደ ደንበኛ ቀርበው ሒሳብ ጠየቋቸው፤ 98 ከመቶ ያህሉን በትክክል መለሱ። ያንኑ ስሌት በቁጥር ብቻ፣ እንደ ትምህርት ቤት ጥያቄ ሲያቀርቡላቸው 37 ከመቶ ያህሉን ብቻ መለሱ። ልጁም ያው፣ ስሌቱም ያው ነው። በር ላይ ያገኘሁት ልጅ ሒሳብ ይገባዋል፤ ያልገባው የጥቁር ሰሌዳው ሒሳብ ነው። በሁለቱ መካከል ድልድይ የሚሠራለት መምህር አላገኘም። ያም ሆኖ በ12 ዓመቱ በራሱ ላይ ፈርዷል፤ ፍርዱንም ከእኛ ከአዋቂዎቹ ነው የሰማው።

ስለ ምግብ አጭር ነገር ልበል፤ ትንሽ የሚመስል ግን ትልቅ ጉዳይ ነው። አዮዲን ያነሳት እርጉዝ የምትወልደው ልጅ አእምሮው በማሕፀን ሳለ ይጎዳል። በደጋው አገራችን የእናቶቻችን እንቅርት የዚያ ምልክት ነበር፤ እኛ ግን የመልክ ጉድለት ብቻ ይመስለን ነበር። በ2003 ዓ.ም. ግድም ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ የሚያስገድድ ደንብ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2011 አዮዲን ያለበት ጨው የሚጠቀም ቤተሰብ 15 ከመቶ ያህል ነበር፤ በ2016 ወደ 89 ከመቶ ደረሰ። መቀንጨር ግን አሁንም አለ፤ በዚያው በ2016 በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 ከመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። አዮዲን ያነሰበትን፣ ምግብ ያነሰበትን ልጅ «አእምሮው ዘገምተኛ ነው፣ ተፈጥሮው ነው» ያልንበት ዘመን ረጅም ነው።

እንግዲህ የምጠይቃችሁን ልናገርና ላብቃ። ቤት ውስጥ ልጆቻችሁን «ጎበዙ» እና «ሰነፉ» እያላችሁ አትለዩ። ጎበዝ የተባለው ልጅ ስሙን እንዳያጣ ከባዱን ጥያቄ ይሸሻል፤ ሰነፍ የተባለው ስለምን ብሎ ይለፋል? ልጁ የሠራውን ጠይቁት፦ የትኛው ጥያቄ ከበደህ፣ እንዴት ሞከርከው፣ ማንን ጠየቅክ? ራሳችሁ ባትማሩም ይህን መጠየቅ አያቅታችሁም። ነፍሰ ጡር የሆናችሁ እኅቶች፣ ጨው ስትገዙ አዮዲን ያለበት መሆኑን እዩ፤ ክትትላችሁንም አታቋርጡ። ለወንድ ልጅ ደብተር ገዝታችሁ ሴቷን እቃ ማጠብ ላይ የምታስቀሩ ቤተሰቦች ካላችሁ፣ የቤታችሁን ግማሽ ተሰጥኦ ሳታዩት እየጣላችሁ ነው፤ ይህን በቁጣ እንጂ በለዘብታ መናገር አልችልም።

ደግሞ እዚህ አዳራሽ ውስጥ መምህራን የነበሩ፣ ዛሬ በሆቴልና በግንባታ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች መኖራቸውን ከአስተባባሪዎቹ ሰምቻለሁ። ሒሳብና እንግሊዝኛ የምታስተምሩ አሥር ሰዎች በሳምንት ሁለት ማታ ብትሰጡ፣ አየር ማረፊያው በር ላይ የሚሸጡት ልጆች ሥራቸውን ሳይተዉ መማር ይችላሉ። ከገንዘብ ዝርዝር ጀምሩላቸው፤ ክፍልፋዩንና መቶኛውን አስቀድመው ያውቁታል፤ የቀራቸው አጻጻፉ ነው። አስተባባሪዎቹ በሩ አጠገብ ደብተር አዘጋጅተዋል፤ ስማችሁን፣ የምታስተምሩትን ትምህርትና የሚመቻችሁን ቀን ጻፉበት። የተመዘገቡት ዛሬውኑ ከመበተናችን በፊት ይገናኙና የመጀመሪያውን ማታ ይወስኑ።

 አሁን ጥያቄያችሁን ልስማ፤ ከእናቶች እንጀምር።